አስታ፤ ቁጥቋጦ ነው ወይስ ዛፍ?

ባለፈው የበጋ ዕረፍት ከአሰላ ተነሥተን ለዕፀዋት ጥናት ወደ ጭላሎ ተራራ በወጣን ጊዜ በሁለት ቡድን ተከፍለን ነበር። አንደኛው ቡድን በሰፊው የግጦሽ መስክ በኩል ሲወጣ፥ ሁለተኛው ከብት የማይደርስበትን አንድ ገደላማ ሸለቆ ይዞ ወጣ። ማታ በድንኳኑ ደጃፍ ተሰብስበን የቀኑን ማስታወሻ ስናነጻጽር ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘን። የመጀመሪያው ቡድን በደብተሩ ላይ «ቁጥቋጦ፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት፤ ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ የሚያወጣ» ብሎ ጽፏል። ሁለተኛው ደግሞ «ዛፍ፤ ቁመቱ 7 ሜትር ያህል፤ ግንዱ የተጣመመና የዛፍ ሽበት የለበሰ» ብሏል። ሁለቱም የቆረጡትን ቅርንጫፍ አውጥተው በፋኖሱ ብርሃን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ግን ቅጠሉም አበባውም አንድ ሆነ። ሁለቱም ያመጡት አስታን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያስቸግርም። የማደሪያ ቤታችን ክርክር ወደ ተራራው ተዛወረ። አንዱ ወገን ሌላውን «ሜትር መለካት አታውቁም» አለው፤ ሌላውም በበኩሉ «እናንተ ያያችሁት ችግኙን ነው» ሲል መለሰ። ብርዱ ወደ ድንኳን እስኪያስገባን ድረስ ሳንስማማ አመሸን። በማግስቱ ቦታ ተለዋውጠን ወጥተን እንዳየነው ሁለቱም ወገኖች የጻፉት እውነት ነበር፤ ጉልበት የሚያህለውም ችግኝ አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው። አንድ ዕፅ በአንድ ተራራ ላይ እዚህ ጉልበት፥ እዚያ ሰባት ሜትር የሚሆንበትን ምክንያት፥ በተራራው ላይ ከጠየቅናቸው ሰዎች የሰማነውንና ከተመለስን በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘነውን አጣምረን ለጓደኞቻችን ለማካፈል አስበናል። ጉዳዩ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአርሲ ደጋ ላይ ከብት የሚያረባውን ሰው እንደ ወንጀለኛ ወይም እንደ ባለሙያ የምናየው ለዚህ ጥያቄ በምንሰጠው መልስ መሠረት ነው። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አስታ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሳቶ ይባላል። የሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ሲሆን፥ ይህን ስም በ1753 ያወጣለት ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው። «አርቦሪያ» በላቲን «ዛፍ የሚመስል» ማለት ነውና ሊኔየስ በክርክራችን ላይ አስቀድሞ ፈርዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ጭላሎን አላየም። ኤሪካ የሚባለው ወገን ከ800 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ የሚገኙት በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ ነው። በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ ከአስታ ጋር ተደባልቃ የምትበቅል አንዲት እኅት አለችው፤ ስሟም ኤሪካ ትሪሜራ ይባላል። ቀድሞ ፊሊፒያ በሚባል ሌላ ወገን ተመድባ ስለ ነበረ የቆዩ መጻሕፍትን የሚያነብ ተማሪ በዚያ ስም ያገኛታል። ከሩቅ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። አበባቸውን ቀርቦ ያየ ግን ይለያቸዋል፤ የአርቦሪያ አበባ ነጭና የደወል ቅርጽ ያለው ሆኖ ንብ ይጎበኘዋል፤ የትሪሜራ አበባ ግን እጅግ ጥቃቅንና ቀላ ያለ ነው፤ ዱቄቱን የሚያዛውርለትም ነፋስ ነው።

ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭንና አጭር ነው፤ ጠርዙም ወደ ታች ተጠቅልሏል። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ቀኑና ሌሊቱ እንደ ሁለት የተለያዩ ወቅቶች ናቸው፤ ቀን ፀሐይ ቆዳ ትልጣለች፥ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ማለዳ ፀሐይ ቅጠሉን ማድረቅ ስትጀምር መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሥሩ ውሃ እንደ ልብ መሳብ አይችልም። እንግዲህ ተክሉ ውሃ አጠገቡ እያለ ይጠማል ማለት ነው። ስለዚህም የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳዎች በተጠቀለለው ጠርዝ ሥር ሸሽጎ ውሃውን ይቆጥባል።

ይህ ዕፅ በእኛ ተራሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከኪሊማንጃሮና ከሩዌንዞሪ ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋ፥ በየመን ተራሮች፥ በሰሐራ መካከል በሚገኘው በቲቤስቲ፥ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች እስከ ካናሪ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። ቀድሞ የአውሮፓ ተክል ወደ አፍሪካ የወረደ ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች ቢኖሩ አያስገርምም። ነገር ግን በ2011 የታተመ አንድ የዘር ምርመራ እንዳሳየው ጉዞው የተገላቢጦሽ ነው፤ ተክሉ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተስፋፋ ነው። በደቡብ አውሮፓ ሰዎች የዚህን ዕፅ ጉቶ ከመሬት ቆፍረው አውጥተው የትምባሆ ፒፓ ይሠሩበታል። እሳት በቀላሉ የማይበላው ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ነው የመረጡት። ፒፓ የሚያጨስ መምህር ያላችሁ ተማሪዎች በሚቀጥለው ትምህርት ሰዓት ፒፓውን አስተውላችሁ ተመልከቱት፤ የክርክራችን መልስ በመምህሩ እጅ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። አስታ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ፥ በአፈሩ ደረጃ፥ እንደ ትልቅ ድንች ያበጠ እንጨት አለው። በዚህ እብጠት ውስጥ ምግብ ተከማችቷል፤ ብዙ የተኙ እንቡጦችም አሉ። እሳት በላዩ ሲያልፍ ግንዱና ቅርንጫፉ ይሞታሉ፤ አፈሩ የሸፈነው እብጠት ግን ይተርፋል። ዝናብ ሲመጣ የተኙት እንቡጦች ይነቁና ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። በመስኩ ላይ ጉልበታችን የደረሰው ይህ ነበር። በገደሉ ውስጥ ያየነው ደግሞ እሳት ለብዙ ዘመን ያልነካው ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ብልህነት ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። ቁጥቋጦ የሚለው ቃል «አቆጠቆጠ» ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል፤ የተቆረጠ ወይም የተቃጠለ ተክል እንደገና ሲያበቅል «አቆጠቆጠ» እንላለን። እንዲህ ከሆነ «ቁጥቋጦ ነው ወይስ ዛፍ?» ብሎ መጠየቃችን ራሱ ስሕተት ነበር፤ የጭላሎ ቁጥቋጦ ያቆጠቆጠ ዛፍ ነው።

ታዲያ የሚያቃጥለው ማን ነው? ለምንስ? ይህን ለማስረዳት አንባቢን ከአሰላ ጀምረን ወደ ላይ ይዘነው መውጣት አለብን።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማው ወጥቶ ወደ ተራራው የሚያቀና ሰው መጀመሪያ በስንዴና በገብስ ማሳ፥ በባሕር ዛፍም መካከል ይሄዳል። ከፍ እያለ ሲሄድ ማሳው ሁሉ ገብስ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ በእርሻው መካከል ብቻውን የቆመ ኮሶ ያያል፤ ይህም ቀድሞ ደን እንደ ነበረ ይመሰክራል። ቀጥሎ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ተራራውን እንደ መቀነት የከበበው አስታ ነው። ከአስታው በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ አለ። ጭላሎም፥ ከእርሱ በስተምሥራቅና በስተደቡብ የሚገኙት ባዳና ካካም ሁሉም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በባዳ ራስ ላይ የበረዶ ግግር ነበረ። ከእነዚህ ተራሮች በስተምዕራብ የሚወርደው ውሃ በከታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ በስተምሥራቅ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ጉም ሲያልፍ በአስታው መርፌ ቅጠልና በዛፉ ሽበት ላይ እየተያዘ ጠብ ጠብ ሲል በዐይናችን አይተናል፤ በገደሉ ሥር ያለው መሬት በበጋም እርጥብ ነበር።

በዚህ መቀነት ውስጥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ይኖራል። ሳይንስ ይህን እንስሳ ያወቀው በአርሲ ተራሮች ምክንያት ነው፤ በ1908 ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ ገድሎት፥ በ1910 ሊዴከር የሚባለው ሊቅ ስም አወጣለት። አጋዘኑ ቀን በአስታው ጥሻ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ወደ ሣሩ ይወጣል። ስለዚህ ለእርሱ ጥሻውም ሣሩም ያስፈልጉታል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሦስተኛው ቀን በመስኩ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ከሰላምታ በኋላ «አባባ፥ ይህን ተራራ የሚያቃጥለው ማነው?» ብለን ስንጠይቃቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ልብሳችንን ተመለከቱ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣን መስሏቸው ነበር። ተማሪዎች መሆናችንን ካስረዳናቸው በኋላ ግን ያለ ማመንታት ነገሩን። ሳቶ ካረጀ፥ አሉ፥ ጫፉ ከላይ ይገጥምና ሥሩ ይጨልማል፤ ሣር አይበቅልበትም፤ ላም አትገባበትም፤ ጅብ ግን ይገባበታል። ደግሞም በአሮጌው ሳቶ ላይ ጸጉራም አባ ጨጓሬ ይበዛል፤ ከብት ከቅጠሉ ጋር ከበላችው ትታመማለች። ሲቃጠል ግን ትሉ ይጠፋል፤ አውሬው ይርቃል፤ ከዝናብ በኋላ ሣሩና የሳቶው ለምለም ቡቃያ ለከብት ይሆናል። እኛም ይህን የሰማነውን በጥርጣሬ ጽፈን ያዝን፤ የሽማግሌ ወሬ ነው ያለም ከመካከላችን ነበረ።

ተመልሰን ባነበብን ጊዜ ግን አፈርን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ማስረሻ ፈጠነ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በባሌ ተራሮች ላይ ያደረጉት ጥናት በ2012 ታትሟል፤ በዚያም የባሌ ከብት አርቢዎች ለምን እንደሚያቃጥሉ ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ ግጦሽ፥ መርዘኛው ትልና አውሬ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያሳያል። አዲስ ያቆጠቆጠ አስታ ለዓመታት እሳት አይዝም፤ የሚነደው ያረጀውና የተጠላለፈው ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ የተለኮሰ እሳት እየሄደ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለ ቦታ ሲደርስ ራሱ ይሞታል። አርቢው በየጊዜው ትንሽ ትንሹን ሲያቃጥል ተራራው እንደ ተጣጣፈ ጨርቅ ይሆናል፤ አንዱ ጣፊ ጥሻ፥ አንዱ ሣር፥ አንዱ ቡቃያ። አንባቢ በልቡ የያዘው አጋዘን የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ነገሩም የትላንት አይደለም። በባሌ ተራሮች 3,950 ሜትር ላይ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ከሐይቁ ወለል ጭቃ በቱቦ ወጥቶ በውስጡ ያለው የከሰል ፍንጣሪና የአበባ ዱቄት ተቆጥሯል። በ2019 የወጣው ውጤት እንደሚያስረዳው እሳትና አስታ ለ14,000 ዓመታት ያህል አብረው ኖረዋል፤ አስታውም ከእሳት በኋላ ሁልጊዜ እየተነሣ ነው እዚህ የደረሰው።

ይህን ስንል እሳት ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። በ2000 በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የተነሣው ቃጠሎ ወሮች የፈጀና ከብዙ አገር ርዳታ የተጠየቀበት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ በፈቃዳቸው ወደ ቃጠሎው የዘመቱ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ2019 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተዋል። ደግሞም ቃጠሎው ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰና ከብቱ ቡቃያውን ያለ ፋታ ከጋጠው አስታው ከጉልበት በላይ አያልፍም። ያን ጊዜ ሽበት የለበሰው ዛፍ፥ ጉሙን የሚያልበው፥ ንቡ የሚቀስመው አበባ ሁሉ በገደል ውስጥ ብቻ ይቀራል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ነገር ግን ሕጉ የሚያየውና ተራራው ላይ የሚሆነው የተለያዩ ሆነው አገኘናቸው። የደን አዋጁ (ቁጥር 1065/2018) በደን ውስጥ እሳት መለኮስን በወንጀል ይቀጣል። በዚህ ምክንያት አርቢው የሚያቃጥል ከሆነ በስውር ነው፤ በስውር የሚያቃጥል ሰው ደግሞ ለኩሶ ይሸሻል እንጂ ነፋሱን እያየ፥ ጎረቤቱን ጠርቶ፥ ጠርዙን እየጠበቀ አያቃጥልም። ክልከላው ቢሳካ እንኳ አሮጌው ጥሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገጥማል፤ እንዲህ ባለው ጥሻ ውስጥ አንድ ቀን የሚነሣውን እሳት የሚያቆም ጣፊ አይኖርም።

በአንጻሩ የአስታን ሥር የሚገድለው ነገር አይታወቅም፥ አይከሰስምም። በአንደኛው ቀን ስንወጣ ከገብሱ ማሳ ዳር የተቆለሉ የአስታ ጉቶዎች አይተን ነበር፤ በዶማ ተቆፍረው ወጥተው ለማገዶ እንዲደርቁ የተቀመጡ ናቸው። ከእሳት የተረፈው ያ ያበጠ እንጨት በዶማ ይነቀላል፤ በበነጋው ቦታው ይታረሳል፤ አስታው ከዚያ ወዲያ አያቆጠቁጥም። ጭስ ከሩቅ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ ሞፈር ግን አይጨስም።

ለዚህም አራሹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ከታች ያለው ሜዳ ታሪክ አለው። በ1967 የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በስዊድን ርዳታ በአሰላ ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ በተሻለ ዘርና በማዳበሪያ መርዳት ነበር። ስንዴው አትራፊ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ግን ባለ መሬቶቹ ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኛ አስነሡ፤ የከብት መዋያ የነበረውም ሜዳ ታረሰ። ከሜዳው የተነሣ ሰውና ከብት መሄጃው ወደ ላይ ነው። በ1965 ከእኛ በፊት የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ይህ የምንኮራበት ታሪካችን ነው። ሆኖም ከጭላሎ መስክ ላይ ሆነን ስናስበው ላራሹ ተባለ እንጂ ለአርቢው ምን እንደሚሆን የጠየቀ ጥቂት ነበር፤ ተራራውም እስካልታረሰ ድረስ የማንም እንዳልሆነ ተቆጠረ። ዛሬም ከፍ ያለው ክፍል የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል ይኸው ጥያቄ አብሮ ወጥቷል።

እኛ እንደሚመስለን መፍትሔው ቢያንስ በሁለት ነገር ይጀምራል። ዶማው ከአስታው መቀነት እንዲገታ የማሳው ወሰን በግልጽ ይከለል፤ እሳቱ ደግሞ የሚከለከል ሳይሆን ተራ የሚወጣለት ይሁን፤ የትኛው ጣፊ በየትኛው ዓመት እንደሚቃጠል፥ የትኛው ሸለቆ ፈጽሞ እንደማይነካ አርቢዎቹና የፓርኩ ሰዎች ተቀምጠው ይወስኑ። ከመካከላችን በዚህ የማይስማሙ ሁለት ጓደኞች አሉ፤ አንድ ጊዜ እሳት ከተፈቀደ የሚያቆመው የለም ባዮች ናቸው። በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉ ጋብዘናቸዋል።

ለተማሪ ጠቃሚ የሚሆን አንድ የጥናት ዘዴ ጨምረን እንለያችሁ። የአርሲ ደጋ በጋና ክረምት ስላለው የአስታ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ይሠራል። ግንዱ ከእሳት በኋላ የበቀለ በመሆኑ ቀለበቱን የቆጠረ ሰው የመጨረሻው ቃጠሎ የሆነበትን ዓመት ያገኛል። ከጠባቂው ፈቃድ ተቀብለን አንድ የደረቀ፥ አውራ ጣት የሚያህል ግንድ በመጋዝ ቆረጥን፤ ፊቱን በምላጭ አለስልሰን በአጉሊ መነጽር ስንቆጥር ዘጠኝ ቀለበት አገኘን። ሽማግሌውን ቦታው መቼ እንደ ተቃጠለ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም በጥጃዎቻቸው ትውልድ በጣታቸው እየቆጠሩ፥ የትኛዋ ላም የየትኛዋ ልጅ እንደሆነች ስም በስም እየጠሩ ሄደው ዘጠኝ ላይ ቆሙ። ደስ ብሎን ደብተራችንን አሳየናቸው።

እርሳቸው ግን ግንዱ ከተቆረጠበት ጉቶ ላይ እግራቸውን አሳርፈው «ይህስ ስንት ነው፥ ልጆቼ?» አሉን። ጉቶው የእንጀራ ምጣድ ያህል ስፋት ነበረው። መጋዛችንን ብንሞክር ጥርሱ ተሰበረ እንጂ አልገባም። በመጪው በጋ ስለምንመለስ የተሻለ መጋዝ ያለው ተማሪ ቢገኝ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን እንዲያስመዘግብ እንለምናለን፤ ወፍራም ብርድ ልብስም አይርሳ።